ሟችና የማይሞት ሲዋደዱ፦ የፍቅር ታሪኩ እንዴት ይጻፍ?

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ። ሲገናኙ እሱ ስንት ዓመቱ ነው? እሷስ? አብረው የሚኖሩት ምን ያህል ነው? ቶልኪን "የቀለበቶቹ ጌታ" በሚለው ልቦለዱ የፈጠራቸውን ሟቹን አራጎርንና ከማይሞቱት ከኤልፎች ወገን የሆነችውን አርዌንን ውሰዱ። ሲተያዩ እሱ የ20 ዓመት ወጣት ነው፣ እሷ ግን ከ2,700 ዓመት በላይ ኖራለች። እሱ ከተራ ሰው የረዘመ ዕድሜ ተሰጥቶት በ210 ዓመቱ ሞተ፤ በትዳር የቆዩት 120 ዓመት ገደማ ነው። ለእኛ ይሄ ብዙ ነው። እሷ ከዚያ በፊት ከኖረችው ጋር ሲተያይ ግን ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ለዚህች ለማትሞላ ዕድሜ ብላ ነው ሞትን የመረጠችው። አንባቢን የሚያስለቅሰው ቁጥሩ ነው፣ ስለዚህ አትደብቁት።

ቀጥሎ የማይሞተው ሰው እውነት ረጅም ዘመን የኖረ ይምሰል። ብዙ ጊዜ የማነበው ሺህ ዓመት ኖራ እንደ ኮረዳ የምታስብ ቆንጆ ነው፣ ይሄ ታሪኩን ይገድለዋል። ጊዜ በእጇ እንዴት እንደሚያልፍ አሳዩን። ለምሳሌ "ቶሎ እመለሳለሁ" ብላው ወደ ወገኖቿ ትሂድ፣ እሷ እንደምታስበው ቶሎ ትመለስ፣ ከዚያ በሯን ከፍታ ስትገባ በልኩ የሰፋችለት ካባ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ታግኘው። ስለ እርጅና ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም። ካባውን ብቻ ታስተካክልለት።

ዋጋ የሌለው ስጦታም አትስጡ። በግሪኮች ተረት የንጋት አምላክ ኢኦስ ሟቹ ፍቅረኛዋ ቲቶነስ እንዳይሞት የአማልክቱን ንጉሥ ዜውስን ለመነች፣ ተፈቀደላትም፣ ግን ወጣትነቱ እንዲቆይ መለመኑን ረሳችው። የመጀመሪያው ሽበት ራሱና አገጩ ላይ ብቅ ሲል ከአልጋው ራቀች። ምግብና ጥሩ ልብስ ግን አላጓደለችበትም! በኋላ እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ክፍል ውስጥ አስቀምጣ በሩን ዘጋችበት፣ ድምፁ ብቻ ሳያቋርጥ ይሰማል። ፍቅሯ ቀስ በቀስ ወደ እንክብካቤ፣ እንክብካቤው ደግሞ ወደ ተዘጋ በር ሲለወጥ ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ እናንተም እንደዚህ በደረጃ ጻፉት።

ሟቹ እምቢ ማለት እንደሚችልም አትርሱ። በግሪኩ ባለቅኔ በሆሜር ታሪክ የማትሞተው ካሊፕሶ ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረውን ጀግና ኦዲሲየስን 7 ዓመት ደሴቷ ላይ አቆይታ እንዳይሞት ላድርግህ አለችው። ሚስቱ በመልክ እንደማትደርስባት፣ ሟች እንደሆነችም ራሱ አመነ፤ ቢሆንም ቤቴ ይሻለኛል አለ።

ፍቅሩ የተከለከለ ከሆነ ክልከላው ምክንያት ይኑረው፤ "ሽማግሌዎቹ አልፈቀዱም" አይበቃም። ለዚህ እኛ ቅርብ ምንጭ አለን፣ መጽሐፈ ሄኖክ፤ ሙሉውን ያቆየው ግእዝ ነው። ምዕራፍ 6 ላይ 200 ትጉሃን መላእክት ወደ አርሞንኤም ተራራ ወርደው የሰው ልጆችን ያገባሉ። ምዕራፍ 15 ላይ የሚመጣባቸው ወቀሳ ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ሚስት የተሰጠችው ለሚሞቱት ነው፣ ዘር እንዲተኩ፤ እናንተ ግን ለዘላለም ሕያዋን ስለነበራችሁ ሚስት አልተፈጠረላችሁም። ሕጉ ከሞት ራሱ ነው የተወለደው። እንዲህ ዓይነት ሕግ ያለው ዓለም ፍጠሩና ፍቅረኞቹ ሲጥሱት ምን እንደሚናጋ አንባቢው ራሱ ይገባዋል።

ከሁለቱ ሌላ የሚጎዳውንም ሰው ፈልጉ። የአርዌን አባት ኤልሮንድ ከሰውም ከኤልፍም ስለሚወለድ ምርጫ ተሰጥቶት አለመሞትን ሲመርጥ መንትያ ወንድሙ ኤልሮስ ሞትን መርጦ ነበር፣ ወንድሙን አጥቶ ሺህ ዓመታት ከኖረ በኋላ ልጁም ያንኑ መረጠች። ስለዚህ በእናንተ ታሪክ ውስጥ ልጅ የሚወለድ ከሆነ ሟች ይሁን ወይስ የማይሞት፣ ወይስ ራሱ ይመርጣል የሚለውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳትጀምሩ ወስኑ።