የተጎዳ ወፍ፣ ጦጣ ወይም ጉሬዛ ሲገኝ፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ በሚበለትበት ሰዓት የቆመ ሰው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ አይቷል። በዚያ ሽሚያ መሃል መንጠቆ የዋጠ ወይም እግሩ በናይለን ክር የተተበተበ ወፍ አይጠፋም። የከተማችን ሰው አዛኝ ነው፤ የወደቀ ወፍ አይቶ አያልፍም። ነገር ግን በበጎ ፈቃድ ለምንንከባከብ ሰዎች ከሚመጡልን እንስሳት ብዙዎቹን የሚያደክማቸው በመጀመሪያው ሰዓት በችኮላ የተደረገላቸው ነገር ነው።

በግድ ማጠጣት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የወፍ የአየር ቧንቧ አፍ ከምላሱ ሥር ነው ያለው። ደክሞ የተዘረረ ወፍ መንቁሩ ተፈልቅቆ በሃይላንድ ክዳን ውሃ ሲንቆረቆርበት ወደ ሳንባው ይገባል። በማግስቱ ሲሞት ሁሉም ሰው ቁስሉ ገደለው ይላል። ወተት ደግሞ ወፍ ሊፈጨው ስለማይችል ያስቀምጠዋል፣ የቀረችውን ፈሳሽ ያስጨርሰዋል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ እንስሳ ምግብም አይፈጭም፤ መጀመሪያ ይሙቅ። ቀዳዳ የተበሳሳ ካርቶን፣ ከሥሩ ፎጣ፣ ጨለማና ጸጥታ፤ ሐኪም እስኪገኝ ይሄ ይበቃል። ልጆች እየከፈቱ እንዳያዩት አደራ።

መንጠቆ መሳብ። መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ አለው፤ ሲጎተት ሥጋውን ይዘነጥላል። ጫፉ በሌላ በኩል ብቅ ካለ እሾኹን በፒንሳ ቆርጦ ቀሪውን በገባበት መመለስ ይቻላል። ክሩ በአፉ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አይጎተት፣ ከሥሩም አይቆረጥ። ሐኪሙ መንጠቆውን የሚከተለው በዚያ ክር ስለሆነ አንድ ሁለት ስንዝር ይተውና ላባው ላይ በፕላስተር ይያዝ።

አያያዝ አለማወቅ። ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች ሲጨንቃቸው ዓይን ይወጋሉ፤ ስለዚህ ፎጣ ጣል አድርጎ ጭንቅላቱን አስቀድሞ መያዝ ነው። ፔሊካንን ግን መንቁሩን ጥርቅም አድርጎ ማሰር ማፈን ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ድፍን ስለሆነ የሚተነፍሰው በአፉ ነው፤ በላይኛውና በታችኛው መንቁር መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ትቅር።

የሰው ማስታገሻ መስጠት። ዲክሎፌናክ በየቤቱ አለ፤ "ግማሽ ፍሬ ምን ያደርገዋል?" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሕንድና ጎረቤቶቿ ውስጥ ይህ መድኃኒት የተሰጠውን ከብት ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በሚሊዮኖች አለቁ። ሕንድ ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ2006 አገደችው። እኛ ጋ ማንም ሰው በገዛ እጁ ለወፍ አያቅምስ።

ጫጩት ሰብስቦ መምጣት። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ የሚዘል ጫጩት ብዙ ጊዜ መብረር እየተለማመደ ነው፤ እናቱም ቅርብ ናት። ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ ዞር ማለት ይበቃል። ሰው ስለነካው አትጥለውም።

ጉሬዛን በሙዝና በዳቦ መመገብ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ከብት ቅጠል የሚያብላላ በመሆኑ ጣፋጭ ነገር ሲገባበት ይነፋዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ከተገኘበት ዛፍ ቅጠል ይቆረጥለት። ኤሌክትሪክ የያዘው ጉሬዛ ከሆነ፣ ገመዱ ላይ እያለ ማንም አይጠጋው። ከወረደ በኋላ ደህና ቢመስልም ቃጠሎው ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ ቀናት ቆይቶ ሊብስበት ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው አይለቀቅ።

የጦጣ ግልገል ቤት ማሳደግ። ሕፃን ሳለች ታሳዝናለች፤ ስታድግ ትናከሳለች፣ መንጋዋም አይቀበላትም። ሆለታ አጠገብ ባለው እንሰሳኮቴ የዱር እንስሳት ማቆያ ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች አሉ፤ ሰው እጅ ላይ ያደገ እንስሳ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይከለክላል። ጦጣ ከነከሰች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም።

ቸኩሎ መልቀቅ። ክንፉ ስለዳነ ብቻ የውሃ ወፍ አይለቀቅም። በሳሙና የታጠበ ወይም ከውሃ ርቆ የከረመ ላባ ውሃ ያስገባል፤ ሐይቁ ላይ ይበርደዋል፣ ይሰምጣል። መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይንሳፈፍ። ሲወጣ ከላባው ሥር ያለው ለስላሳው ጸጉር ከረጠበ ገና ነው። ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ በተገኘበት ዳርቻ ይለቀቅ።