የታክስ ገቢ ትንበያ ታሳቢዎች ይፋ ሲደረጉ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በበጀት ሰነድ ላይ የሰፈረ የታክስ ገቢ አሃዝ ታሳቢዎቹ አብረውት ካልተጻፉ ማንም ሊመረምረው አይችልም። ሰነዱ በሚዘጋጅበት ጊዜ ተደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

የኢኮኖሚ ዕድገቱን ብቻ መግለጽ። ታክስ የሚሰበሰበው በወቅቱ ዋጋ ስለሆነ የዋጋ ንረት ታሳቢውም መውጣት አለበት። 6 በመቶ ዕድገትና 10 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ሲባዙ (1.06 × 1.10) የኢኮኖሚው ጭማሪ በወቅቱ ዋጋ 16.6 በመቶ ይሆናል፤ ደምሮ 16 ማለት ስህተት ነው። ለጉምሩክ ቀረጥ ደግሞ የገቢ ዕቃዎች ግምትና የምንዛሪ ተመን ለብቻቸው ይጻፉ።

መነሻውን አለመናገር። የዘንድሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ ዕቅድ 110 ቢሊዮን፣ ክንውኑ 100 ቢሊዮን ነው እንበል። ኢኮኖሚው በወቅቱ ዋጋ 1 በመቶ ሲጨምር ታክሱ 1.1 በመቶ ይጨምራል ከተባለ፣ የኢኮኖሚው 16.6 በመቶ ጭማሪ ለታክሱ 18.3 በመቶ ይሆናል። ከክንውኑ የተነሳ 118.3 ቢሊዮን ያገኛል፤ ከዕቅዱ የተነሳ 130.1 ቢሊዮን። ወደ 12 ቢሊዮን የሚጠጋ የሌለ ገንዘብ ለወጪ ተደለደለ ማለት ነው። 1.1 የተሰላችባቸው ዓመታትም ይገለጹ። በእነዚያ ዓመታት የታክስ መጣኔ ጨምሮ ከነበረ ውጤቱ ተቀንሶ መሰላት አለበት፤ አለዚያ የአንድ ጊዜ ጭማሪ በየዓመቱ እንደሚደገም ይቆጠራል።

የአሰባሰብ ማሻሻያን ከትንበያው ጋር መቀላቀል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወጪው ቀድሞ ይወሰናል፣ ገቢው አይደርስም፣ ክፍተቱም «የታክስ አስተዳደር ማሻሻያ» በሚል አንድ መስመር ይደፈናል። መፍትሔው እያንዳንዱን እርምጃ ለብቻው መጻፍ ነው፦ ስንት ግብር ከፋይ ይነካል፣ የትኛውን ታክስ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ። በበጀት ዓመቱ 7ኛ ወር የሚጀምርና በቀጣዩ ወር የሚከፈል ታክስ በዚያው ዓመት የሚያስገባው የ5 ወር ገንዘብ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰነዶች ግን የ12 ወር ይይዛሉ። በብሪታንያ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ገለልተኛው የበጀት ኃላፊነት ቢሮ የታክስ እርምጃዎችን ግምት ሲያጸድቅ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነም በደረጃ ያስቀምጣል።

አንድ አሃዝ ብቻ ማውጣት። ዕድገቱ ከ6 ወደ 5 በመቶ ቢወርድስ? ከላይ ባለው ምሳሌ ገቢው በ1.2 ቢሊዮን ያንሳል። ይህን በሠንጠረዥ ማሳየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሠንጠረዡም ስካን የተደረገ ምስል ሳይሆን በኤክሴል ይውጣ።

ትንበያው ሲቀየር ዝም ማለት። ልዩነቱ በሦስት ተከፍሎ ይቅረብ፦ ከኢኮኖሚው የመጣ፣ ከሕግ ለውጥ የመጣ፣ ከስሌት ማስተካከያ የመጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የፔፋ (PEFA፣ የአገራትን የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር የሚመዝን ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር) መመዘኛ ለገቢ ክንውን ከፍተኛውን ነጥብ የሚሰጠው ከ3 ዓመት ቢያንስ በ2ቱ ገቢው ከበጀቱ ከ97 እስከ 106 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚህ ክልል የወጣ ሰነድ ከሦስቱ የትኛው እንዳሳተው ለይቶ ካልጻፈ፣ ያው ስህተት ለቀጣዩ ዓመት መነሻ ይሆናል።