በአዲስ አበባ ዙሪያ የባህልና የምግብ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከክፍለ ሀገር ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዞ አዲስ አበባን ሊያሳይ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመርጠው ቦታውን ነው። እንጦጦ እንውጣ ወይም ቢሾፍቱ እንውረድ ይባልና ቀኑ ለሥራ እንደተመቸ ይቆረጣል። እንዲህ ሲሆን እንጦጦ የወጣው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ተዘግቶ አግኝቶ ይመለሳል፤ ቁርጥ ሊያበላ እንግዳውን ሱሉልታ ድረስ የወሰደውም ጾም መሆኑን እዚያው ደርሶ ያስታውሳል። በከተማዋ ዳርቻ የሚታየውንም የሚበላውንም በአብዛኛው የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ስለሆነ፣ አስቀድሞ ቀኑን ማየት፣ ቀጥሎ አቅጣጫውን መቁረጥ፣ በመጨረሻም ምሳ የት እንደሚበላ መወሰን ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት መሆናቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት በበዓለ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም እንደማይጾሙ እቅድ ሲያወጡ የሚዘነጉ አሉ። በ55ቱ የሑዳዴ ቀናትና ከነሐሴ 1 ጀምሮ ባሉት የፍልሰታ 15 ቀናት በዳርቻው ከሚገኙ ሥጋ ቤቶች ብዙዎቹ ስለሚዘጉ፣ የሥጋ ግብዣ ካሰቡ ጉዞውን ወደ ፍስክ ማዛወር ነው። እንግዳው በያይነቱ ለመቅመስ የጓጓ ከሆነ ግን የጾም ቀን ራሱ ተመራጭ ነው፤ በዚያ ቀን ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ሽሮው ለአብዛኛው ተመጋቢ የሚሠሩ በመሆናቸው ብዛታቸውም ትኩስነታቸውም ከሌላው ቀን ይበልጣል። በፍስክ ቀን በያይነቱ ያዘዘ ሰው ከትናንት የተረፈ ወጥ ሊቀርብለት እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ለእንግዳ የመጀመሪያ ቀን እኔ የምመርጠው የእንጦጦንና የሽሮ ሜዳን አቅጣጫ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚገኘው በጭቃና በእንጨት የተሠራው የቤተ መንግሥት ግቢ የዚያን ዘመን አኗኗር ከየትኛውም ሐውልት በተሻለ ያሳያል። የአዳራሹን ግድግዳ ቀርቦ ያየ ሰው፣ የአንድ ሰፊ አገር ጉዳይ ይታይ የነበረው በዚህ መጠን ቤት ውስጥ መሆኑን ሲረዳ መገረሙ አይቀርም። ቤተ መንግሥቱ ከብርዳማው ተራራ ወደ ፍልውሃው አካባቢ የወረደበት ታሪክም እዚያው ቆሞ ቁልቁል ከተማዋን እያዩ ሲተረክ ይበልጥ ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ሰው ማርያም በምትውልበት በወሩ 21 ባይሄድ ይመረጣል። ሥርዓቱን፣ ዝማሬውንና ነጭ ለብሶ የሚወጣውን ሕዝብ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በተቃራኒው ያንኑ ቀን ይምረጥ። በዚያው ተራራ ላይ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ራጉኤል በ1 ይውላሉ። በሑዳዴ የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ሆኖ የሚወጣውም ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቀናት ጠዋት የሄደ ሰው ቅዳሴ አያገኝም። ነጠላ መያዝ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ የግድ ነው፤ ይህ ለጸበል የመጡ ሕሙማንንና ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶችም ይመለከታል።

ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በዝግታ መራመድና ሹራብ ወይም ጋቢ መያዝ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚመች ነው፤ ሆኖም ግማሹን ቀን እንዳይወስድ ፓርኩን ከቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ከተራራው ሲወርዱ ያለው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። ብዙዎች ወደዚህ የሚመጡት በመመለሻቸው ዋዜማ ነው፤ ይህ ግን ለገዢው አይጠቅምም። በልክ የሚሰፋ ቀሚስ ቀናት ስለሚወስድ ሽሮ ሜዳ በጉዞው መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት። አንድ ሱቅ ገብቶ ወዲያው ከመግዛት፣ በሦስት አራት ሱቆች ዋጋ መጠየቅና ጨርቁን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጥበቡ በሽመና አብሮ የገባ ከሆነ በጀርባው በኩልም ክሩ ከጨርቁ ጋር ተዋሕዶ ይታያል፤ በኋላ የተጠለፈ ከሆነ የመርፌው ዱካና የክሩ ቋጠሮ ይገኛል። ሁለቱም ይለበሳሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ ሥራውን ከእነርሱው አፍ መስማት ለእንግዳ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከየካ በላይ በጫካው ውስጥ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ላሊበላ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው ጥሩ ምትክ ነው። በክረምት ውኃ ስለሚቋጥርና መንገዱም ስለሚያዳልጥ ከጥቅምት ወዲህ መሄድ ይመረጣል። በሰበታ በኩል የሚገባው የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ የጽድ ደንም እንዲሁ በደረቅ ወቅት የሚኬድበት ነው፤ በአቅራቢያው ብዙ ምግብ ቤት ስለሌለ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ሙሉ ቀን ያለው ሰው የቡታጅራን መንገድ ይያዝ። ዓለም ገና ላይ ከጅማው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቅድመ ታሪክ ሰዎች ቅሪት የሚታይበት መልካ ቁንጡሬ ይገኛል፤ ከዚያ ፈንጠር ብላ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም፣ ቀጥሎም የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በመልካ ቁንጡሬ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ የልጆችም ያሉባቸው የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ይህን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ከሙዚየሙ ፊት የሚኖራቸውን ትኩረት ይለውጠዋል። ማልዶ በመነሣት ከሩቁ ከጢያ ጀምሮ ወደ ከተማዋ እየተመለሱ ማየት ከድካም ያድናል። የጢያ አካባቢ የሶዶ ጉራጌ አገር በመሆኑ ለዚህ ቀን የሚስማማው ምሳ ክትፎ በቆጮ ነው። ሲያዝዙ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ብሎ መለየት ያስፈልጋል፤ አይቡና ጎመኑ አብረው የሚቀርቡ ወይም ለብቻ የሚከፈልባቸው መሆናቸውንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሥጋ ቤት የመግባት ሥርዓት ለእንግዳ ግልጽ ስላልሆነ ጥቂት ልዘርዝረው። ከመቀመጥ በፊት የተሰቀለው ብልት ፊት ይቆማል። ከወዲህ ሻኛው፣ ከወዲያ ጎድኑ ይታያል፤ ለስላሳ የሚፈልግ ጭቅና፣ ስብ የሚወድ ሻኛ ይላል። ቆራጩ ቆርጦ ይመዝናል፤ ምን ያህሉ ለጥሬ፣ ምን ያህሉ ለጥብስ እንደሆነ የሚነገረውም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ነው። እንጀራው፣ አዋዜውና የማብሰያው ሒሳብ በኪሎው ዋጋ ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን በዚያው ቅጽበት መጠየቅ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል። ሥጋው ጠዋት ስለሚገባ ለጥሬ ከምሽት ይልቅ ምሳ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ለኮሶ ትል ሊያጋልጥ ስለሚችል ያልለመደ እንግዳ፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ጥብስ ወይም ቅቅል ይብሉ፤ ለእንግዳ ክብር ሲባል ማንንም በጉርሻ ማስገደድ አይገባም።

በጉዞው ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለበት ሥጋ ቤቶቹ በመስቀልና በጨረቃ ምልክት እንደሚለዩ ይታወስ፤ ሁሉን በአንድ ገበታ ለማስቀመጥ ከተፈለገ የጾም በያይነቱ ያለምንም ጥያቄ ያስማማል። ጠጅ የማይጠጣ ሰው ብርዝ ማዘዝ ይችላል፤ አሽከርካሪውም እንዲሁ። ቡና የሚፈላበት ቤት ከተገኘ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመደብለት፤ አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን ሳይጠብቅ የሚነሣ እንግዳ ቡና አፍዪዋን ቅር ያሰኛል።

ወደ ቢሾፍቱ ያሰበ ሰው የመስቀልን ሰሞን ይጠንቀቅ። ከመስቀል በኋላ በመስከረም መጨረሻ ገደማ በሚውል እሑድ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱም ማረፊያውም ይጨናነቃል። በዓሉን ለማየት የሚሄድ ከዋዜማው ገብቶ ማደሪያ ይያዝ፤ ሐይቆቹን ብቻ ለማየት የፈለገ ሌላ ሳምንት ይምረጥ። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚጓዝ ለቢሾፍቱ ከቃሊቲ፣ ለሆለታ ከአስኮ፣ ለሰንዳፋ ከላምበረት መናኸሪያ ይነሣል። በአንድ ቀን ሁለት አቅጣጫ መያዝ፣ ለምሳሌ ጠዋት እንጦጦ ከሰዓት ቢሾፍቱ ማለት፣ ከተማዋን በመኪና መጨናነቅ ውስጥ አቋርጦ መዋል ስለሆነ አይመከርም። ለመመለስም ከ10 ሰዓት በፊት መነሣት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መግቢያዎቹ ሁሉ በሠራተኛና በጭነት መኪና ይሞላሉ፣ ሲመሽም ወደ ከተማ የሚመለስ ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል።