የቺካሳው ቤተሰብን የዘር ሐረግ በመዝገብ መከተል

ቺካሳው ከሚሲሲፒ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ የተፈናቀለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው። የዘር ሐረጉ ፍለጋ ከራስ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከአንድ ስመ ጥር አለቃ ተነስቶ ወደ ራሱ ለመውረድ የሚሞክር ሰው በተመሳሳይ ስም ተምታቶ ይቀራል። ራስን ከወላጅ፣ ወላጅን ከአያት በልደት፣ በጋብቻና በሞት ወረቀት እያያያዛችሁ በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በሕይወት የነበረ ዘመድ ላይ ድረሱ። ኦክላሆማ ልደትና ሞት በግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1908 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ልደት ሳይመዘገብ አልፏል። ስለዚህ የመቃብር ድንጋይና የቤት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈ ስም አትናቁ።

1906 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎሳውን መሬት ለአባላቱ ለማከፋፈል የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የዳውስ ኮሚሽን ከ1898 ጀምሮ የጎሳውን አባላት መዝግቦ የመጨረሻውን መዝገብ በ1907 ዘግቷል። ዛሬም የቺካሳው ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በዚያ መዝገብ «በደም» ከሚለው ምድብ ውስጥ ካለ ሰው በቀጥታ መወለዱን ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቁጥር ይሳሳታል። የመዝገብ ቁጥር የአንድ ሰው ነው፤ የካርድ ቁጥር፣ ማለትም ቤተሰቡ በአንድነት የተመዘገበበት ወረቀት ቁጥር፣ የቤተሰቡ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባችሁ የሚከፈትላችሁ የማታውቁት ቤተሰብ ነው። በደም፣ በጋብቻ፣ ነፃ የወጡ (በቺካሳዎች ዘንድ በባርነት የነበሩና ዘሮቻቸው)፣ አዲስ የተወለዱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ የሚባሉት ምድቦችም ቁጥራቸው ለየብቻ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ጋር ምድቡን ጻፉ።

ካርዱን ስታገኙ ዓይናችሁ ከላይኛው ክፍል አይቁም። ላይኛው የቤተሰቡን ስም፣ ከመጀመሪያው ሰው ጋር ያላቸውን ዝምድና፣ ዕድሜና ጾታ፣ ቀደም ሲል የሰፈሩበትን የጎሳ መዝገብና አውራጃ (ፒክንስ፣ ቲሾሚንጎ፣ ፖንቶቶክ ወይም ፓኖላ) ይሰጣል። ወርቁ ግን ከታች ነው፦ የእያንዳንዱ ሰው አባትና እናት ስም፣ አጠገቡም «ሞቷል» ወይም «ዜጋ ያልሆነ» የሚል ማስታወሻ። በ1898 የ65 ዓመት ሰው የሆነች ሴት የተወለደችው ወደ 1833 ግድም ነው፤ ስለዚህ ከታች የተጻፉት ወላጆቿ ሕዝቡ ከሚሲሲፒ ሳይፈናቀል በፊት የነበሩ ናቸው። በአንድ ወረቀት ሁለት ትውልድ ተሻገራችሁ ማለት ነው። ዳር ላይ በእጅ የተጻፈ የሌላ ካርድ ቁጥር ካለም ተከተሉት፤ ብዙ ጊዜ የባል ወይም የሚስት ወገን እዚያ ነው። የማመልከቻው ፋይል ደግሞ የቃል ምስክርነት፣ የጋብቻ ፈቃድና የልደት መሐላ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱንም በኦክላሆማ ሲቲ ባለው የግዛቱ የታሪክ ማኅበር ወይም በፎርት ዎርዝ ባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፍ መጠየቅ ይቻላል።

«የደም መጠን» (ሰውየው ስንት እጅ ቺካሳው እንደሆነ) የሚለውን ዓምድ እንደ ማስረጃ አትያዙት። ጸሐፊው እንደተነገረው ወይም እንደመሰለው ስለጻፈ፣ የአንድ እናት ልጆች የተለያየ ክፍልፋይ ይዘው ይገኛሉ። ነፃ በወጡት ካርድ ላይ ጭራሹኑ የደም መጠን የለም፤ አባቱ ቺካሳው ቢሆን እንኳ። በምትኩ በባርነት ይዞት የነበረው ሰው ስም ስላለ፣ ያ ስም ወደ ኋላ መሄጃ መንገድ ነው።

ከዳውስ በፊት የ1896፣ የ1893 እና የ1878 መዝገቦችን፣ ቀጥሎ የ1847ን ቆጠራ ተመልከቱ። ቺካሳዎች ከ1837 እስከ 1855 ቾክታው በሚባል ሌላ ነባር ሕዝብ ግዛት ውስጥ ስለኖሩና ስለተጋቡ፣ ሰው ከጠፋባችሁ የቾክታውንም መዝገብ ፈልጉ። የአባትን ስም ብቻ የሚከተል ሰው እዚህ ይስታል፦ በጥንቱ ሥርዓት ልጅ የእናቱ ኢክሳ፣ ማለትም የእናቱ የዘር ወገን ነው፤ ወንድማማቾችም የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። የእናትን እህቶችና ወንድሞች አብራችሁ መዝግቡ። ስሞቹ በጆሮ የተጻፉ ስለሆኑ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ፈልጉ።

ከመፈናቀሉ በፊት በሚሲሲፒ የነበረውን ቤተሰብ በመሬት ማግኘት ይቻላል። ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የ1834 ውል መሠረት ከአምስት ሰው በታች ያለው ቤተሰብ ሁለት ሴክሽን፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ያለው ሦስት፣ አሥርና ከዚያ በላይ ያለው አራት ይወስድ ነበር፤ አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው። የቤቱ ሰዎች ስም ባይጻፍም ቁጥራቸውን ከድርሻው ትገምታላችሁ። ባሪያ ለነበራቸው ግን ተጨማሪ መሬት ይሰጥ ስለነበር፣ ግማሽ ወይም አንድ ሴክሽን ተርፎ ካያችሁ ልጅ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።