የኤሌክትሮኒክ ምሽት ለምታዘጋጁ የሐዋሳ ልጆች፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔና ጓደኞቼ ሐዋሳ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽቶች ማዘጋጀት ከጀመርን ቆየን። አርባ ሰው ከመጣ ደስ ይለናል። የምንጫወተው ሬዲዮ ላይ የማይሰማ፣ ሰርግ ላይ የማይከፈት ሙዚቃ ነው። በማሽን የሚሠሩት የጭፈራ ሙዚቃዎች ቴክኖና ሃውስ፣ አንዳንዴም ምት የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የሆነ የሙከራ ሥራ። ሰሞኑን «እኛም ልንጀምር ነው፣ ምን ትመክሩናላችሁ?» የሚሉ ልጆች በዝተዋል። ምክሬን ከስህተቶቹ ልጀምር። አብዛኞቹን ሠርተናቸዋል፣ የቀሩትን ሰው ሲሠራቸው አይቻለሁ።

ከቪዲዮ የወረደ ዘፈን ይዞ መግባት

የመጀመሪያው ምሽታችን ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ቤት ነበር። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሳብ ዉፈር፣ አንድ ላፕቶፕ። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሳምንቱን ሙሉ ያስደሰተኝን ዘፈን ከፈትኩ። ከበሮው አለ። ቤዙም አለ። ላዩ ግን ተበላሽቷል። እንደ ጸናጽል ጥርት ማለት የነበረበት ድምፅ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል። ጓደኛዬ መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ በጣቱ ጆሮውን አሳየኝ። ፋይሉን ያወረድኩት ከቪዲዮ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው፣ ያልተጨመቀ ዋቭ ፋይል በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። ጥሩ ኤምፒ3 ደግሞ 320። ከቪዲዮ የሚወርደው ብዙ ጊዜ 128 አካባቢ ነው። ፋይል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው ጆሮ አይለየውም የተባለው በጣም ቀጭን ድምፅ ነው። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ብዙ ጊዜ የለም። ስልክ ላይ ይህ አይታወቅም። ሞንታርቦ ላይ ግን ጉድለቱ ሁሉ ይወጣል።

ማውረጃው «320» ብሎ ቢጽፍላችሁም አትመኑት። 128 የነበረን ፋይል 320 አድርጎ ማስቀመጥ ወጡ ሲያንስ ውሃ ጨምሮ ድስቱን መሙላት ነው። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዘፈኑን ስትከፍቱበት የድምፁን ምስል ያሳያችኋል። ምስሉ 16 ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካቆመ ያ ፋይል ለትልቅ ስፒከር አይሆንም።

ቴሌግራምን የሚወቅሱ አሉ። በፋይል የተላከ ኤምፒ3 ወይም ዋቭ እንዳለ ነው የሚደርሰው። ጥያቄው ቻናሉ ላይ የጫነው ሰው ከየት አመጣው የሚለው ነው።

አርብን ማሳደድ

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ወዲህ አዲስ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ የሚለቀቀው አርብ ነው። አርብ ማታ ሃምሳ ዘፈን አውርዶ ቅዳሜ ሃምሳውንም ለመጫወት የሚሞክር ልጅ አውቃለሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው እንደሚጠፋ አያውቅም። ሲጠፋ ከሕዝቡ እኩል ይደነግጣል።

ሦስት ምረጡ። ሳምንቱን ሙሉ ስሟቸው። ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመዳችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ። የት ላይ እንደሚከፈት፣ የት ላይ እንደሚተነፍስ ሰውነታችሁ ሲያውቀው ያኔ ይዛችሁት ውጡ።

ደግሞም አዲስ የሆነው ሁሉ ትናንት የተሠራ አይደለም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንቴሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጋጥሞ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ተረሳ። እሱም ታክሲ እየነዳ ኖረ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ ዓለምን ዞረ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስበው ያንገበግበኛል። ካሴቱ እዚሁ አገራችን ነበር፣ እኛ አልፈነው ነበር። እባካችሁ የአጎቶቻችሁን ካርቶን ፈትሹ።

ስለ መግዛትም አንድ ነገር ልበል። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ዘፈን ሲሸጥ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጩ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ቀሪው ከክፍያ ወጪ ሌላ ለሠሪው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ አርቦች ድርሻውን ይተዋል። የገዛችሁትን በዋቭ ማውረድ ትችላላችሁ። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ለብዙዎቻችን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ገንዘብ አዋጥተን ውጭ ባለ ዘመድ በኩል በወር አምስት ዘፈን እንገዛለን። አምስት ብቻ ናቸው። ግን የእኛ ናቸው። የሠሪውን ስም ደግሞ ለጠየቀ ሁሉ እንናገራለን። ስም መደበቅ ከእኛ ቤት የለም።

«የፈረንጅ ሙዚቃ ነው» ብሎ መተው

ሃውስ የተወለደው ቺካጎ ነው። ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዌርሃውስ በተባለው ክለብ ሲጫወት፣ የሚጨፍሩለት በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖች ነበሩ። ቴክኖን ከዲትሮይት ያወጡት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳንደርሰን ናቸው፤ ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ አብሮ አደጎች። ዛሬ ደግሞ ከጎረቤቶቻችን ብዙ ይመጣል። የካምፓላው ሙዚቃ አሳታሚ ኜጌ ኜጌ ቴፕስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲንጌሊ የተባለውን የዳሬሰላም የጭፈራ ሙዚቃ ሰብስቦ አሳተመ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ነው። የናይሮቢው ሙዚቀኛ ኬኤምአርዩ በአካባቢው የቀዳቸውን ድምፆች ይዞ እርጋታ ያለው ሙዚቃ ይሠራል። በእኛም አገር ሮፍናን ኤሌክትሮኒኩን ወደ ትልቅ መድረክ ወስዶታል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ስትቆሙ እንደ እንግዳ አትቁሙ።

ቺክቺካን በአራት መቁጠር

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ለእኛ ልጆች ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

ሃውስና ቴክኖ በአራት ይቆጠራሉ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የእኛው የጭፈራ ምት ቺክቺካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ጭናችሁን እየመታችሁ ሞክሩት። ትከሻን የሚጠራው የእነዚያ የሦስቱ መወዛወዝ ነው።

የዲጄ ፕሮግራሞች ግን በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ የተሠሩ ናቸው። ፍጥነቱ 126 የሆነ ቺክቺካ ስትሰጧቸው 189 ወይም 94.5 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ሦስት ሦስት መቁጠር ሲገባቸው ትንንሾቹን ምቶች ሁለት ሁለት እያደረጉ ስለሚቆጥሩ ነው። ያን ቁጥር አምናችሁ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በራሷ የምታገጥመውን፣ ሲንክ የምትለዋን ቁልፍ ከተጫናችሁ ሁለቱ ዘፈኖች እግር ለእግር ይረጋገጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። የከበሮውን ከባድ ምት እያዳመጣችሁ ፍጥነቱን በጣታችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ራሳችሁ ሙሉት። 126 ከሆነ 126 ካለ ሃውስ ጋር ይገጥማል። ሦስቱ ትንንሽ ምቶች በአራቱ ላይ ይንሳፈፋሉ። ያን ጊዜ የወለሉን ፊት እዩ። መጀመሪያ ግራ ይጋባል፣ ቀጥሎ አንዷ ትከሻዋን ትመታለች፣ ከዚያ ሁሉም።

ቢት የምትሠሩ ደግሞ ምቶችን በራሱ ወደ መስመር በሚያስገባው ኳንታይዝ ላይ ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምት ወደ አሥራ ስድስተኛ መስመር ሲጎትት ቺክቺካው ይሞታል። መስመሩን ሦስት ሦስት ወደሚከፍለው ትሪፕሌት ቀይሩት ወይም ከመጀመሪያው በስድስት ስምንተኛ ክፈቱት። ከበሮ መቺው ትንሽ የዘገየበት ቦታ ካለ ተዉለት፣ አታርሙት።

ቅኝትም እንደዚሁ ነው። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ከኪቦርዱ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። አንቺሆዬን ወይም ባቲን ድምፅን ወደ ኪቦርዱ ልክ በሚጎትተው በአውቶቲዩን ስታስተካክሉት ያ የሚቆነጥጠው ነገር ይጠፋል። ክራሩን ወደ ሲንቴሳይዘሩ ከምትጎትቱት ሲንቴሳይዘሩን ወደ ክራሩ ቃኙት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ በጥቂቱ ማስተካከል ይፈቅዳሉ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን መስማት ከፈለጋችሁ እንደገና ሙሉ የተባለው ሙዚቀኛ በኢትዮጵያን ሪከርድስ ስም የሠራቸውን ፈልጉ። ሌላው ሙዚቀኛ ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል። እነዚያ ሥራዎች ውስጥ የአገራችን ድምፅ ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም። ቤቱ ራሱ ከእሱ ነው የተሠራው።

የሰው ድምፅ ሳይጠይቁ መውሰድ

አንድ ዓመት ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄጄ ሕዝቡ በጋራ የሚያዜመውን ቄጣላ በስልኬ ቀዳሁ። የሕዝቡ ድምፅ አንድ ላይ ሲነሳ መሬቱ የሚናገር ይመስላል። ቤት ገብቼ አራት ሰከንድ ቆርጬ እየደጋገምኩ ሥር ሥሩን ቴክኖ ሠራሁበት። ኮርቼበት ነበር። ሲዳምኛ ለሚናገር ጓደኛዬ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ምርቃት ነው። መሃሉን ቆርጠህ አሜን የሚባልበትን አስቀረኸው» አለኝ።

ያን ሥራ አላወጣሁትም። ከዚያ ወዲህ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ሳላሰማ፣ የዘፈነውን ሰው ሳላስፈቅድ የሰው ድምፅ አልነካም። ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። «ድሮ የተዘፈነ ነው» ማለት አያስጥልም።

ድምፅ መቅዳት ለምትወዱ ግን ሐዋሳ ሰፊ ናት። ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባው ዳር ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ፣ የአባ ኮዳ ክንፍ፣ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቢላ። ስልኩን ከነፋስ በነጠላ ሸፍኑት። ልጆቹንም ሰላም ብላችሁ፣ ለምን እንደምትቀዱ ንገሯቸው።

ቀዩን መብራት እንደ ድል ማየት

ሚክሰሩ ላይ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ አለ። ቀዩ «ይበቃል» ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስትገፉ የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። ሙዚቃው አይጨምርም፣ ይሻክራል። የስፒከሩ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍልም ሊቃጠል ይችላል። ድምፅ ካነሰ ሚክሰሩን ተዉትና ድምፁን ከሞንታርቦው ጨምሩ። ሞንታርቦውም ካልበቃ ቤቱ ለዚያ ስፒከር ሰፊ ነው።

መብራት ሲሄድ ሞንታርቦውን ከሶኬት ንቀሉ። የሚጎዳው መሄዱ ብቻ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው። ጀነሬተሩ ከረጋ በኋላ መጨረሻ ላይ ሰኩት።

ቤዙን ከዲጄው ቦታ ብቻ መስማት

የ50 ኸርዝ ቤዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እየተመለሰ አንድ ቦታ ይደራረባል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋፋል። ጥግ ላይ ደረት ይመታል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። እንግዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ዘፈን ከፍታችሁ ክፍሉን በእግራችሁ ዙሩት። ሳብ ዉፈሩን አንድ ሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ይለውጣል።

በጊዜ መፈንዳት

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰው ገና ዓሣውን እየበላ፣ ወሬውን እያወጋ ነው። በዚያ ሰዓት የሌሊት 7 ሰዓቱን ዘፈን ከከፈታችሁ ለሚቀጥለው ዲጄ ምንም አልተዋችሁለትም። ከፋች መሆን ክብር ነው። ቀስ አድርጋችሁ ክፍሉን አሙቁት።

ጆሮን መርሳት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ያወጣው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ለሠራተኞች ጆሮ የሚመከረው ደግሞ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ሙሉ ሌሊት እዚያው ናችሁ። የጆሮ መሰኪያ ግዙ፣ ለአስተናጋጆቹም ስጧቸው። ጠዋት ጆሯችሁ ጭው ካለ ማታ ልኩን አልፋችኋል።

ሙዚቃው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ መምሰል

እኛ ጋ አንዲት እህት መጀመሪያ ላይ ስትመጣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትሄድ ነበር። ሙዚቃውን ያልወደደችው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት «ሌሊት ባጃጅ እፈራለሁ» አለችኝ። ሳስበው፣ ቀድመው የሚወጡት ሁልጊዜ ሴቶቹ ነበሩ።

አሁን ሁለት የምናውቃቸው ባጃጅ ነጂዎች አሉ፣ በስም የምንጠራቸው። ሲዘጋ በር ላይ ይጠብቃሉ። ሂሳቡ ቀድሞ የታወቀ ነው፣ ከመግቢያው ገንዘብ ላይ እንጨምርላቸዋለን። አንዳችን በር ላይ ቆመን «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት እስኪመጣልን እንጠብቃለን። ባለፈው ምሽት የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ያቺ እህት ሞንታርቦው አጠገብ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር።

ገመዱን ጠቅልለን ስንጨርስ መልእክቷ ገባ።