በጎላንግ ፓኬጆችን ሳያጣብቁ እንዴት ማግባባት ይቻላል?

ጎላንግ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ “ኦርደር” የሚባል ፓኬጅ (ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል) አላችሁ እንበል። ዳታቤዙን የሚያናግረው ደግሞ “ስቶር” ነው። ኦርደር ስቶርን በቀጥታ ኢምፖርት ካደረገ ያለ ዳታቤዝ ቴስት ማድረግ ይከብዳል። ነገ ስቶርም ከኦርደር የሚፈልገው ነገር ቢመጣ ጭራሽ ኮምፓይል አያደርግም፤ ጎላንግ ፓኬጆች እርስ በርስ ኢምፖርት እንዲደራረጉ አይፈቅድም።

መፍትሔው ኢንተርፌስ ነው፤ አንድ ነገር የትኞቹ ሜተዶች (ፈንክሽኖች) ሊኖሩት እንደሚገባ የሚዘረዝር ታይፕ ማለት ነው። መጀመሪያ ኢንተርፌሱን ኦርደር ውስጥ ጻፉት፤ የሚጠቀምበት እሱ ነውና። ኦርደር የሚጠራቸውን ሜተዶች ብቻ ይያዝ። የስቶርን ሜተድ በሙሉ እዚያ መገልበጥ ትርፉ ድካም ነው። ስቶር “ይህን ኢንተርፌስ አሟላለሁ” ብሎ ማወጅ የለበትም፤ ሜተዶቹ ከገጠሙ በቃ። ሁለቱን ፕሮግራሙ በሚጀምርበት ፓኬጅ፣ ሜይን ውስጥ አገናኟቸው።

ሰውን የሚያሰቃየው ቀጥሎ ያለው ነው። የኦርደር ኢንተርፌስ “ፋይንድ” የሚል ሜተድ አለው እንበል፤ የሚመልሰው “ሮውስ” የሚባል ሌላ ኢንተርፌስ ነው። የስቶር ፋይንድም የራሱን ሮውስ ይመልሳል። ሁለቱም ሮውሶች ኔክስት እና ስካን የሚባሉ ሜተዶች አላቸው፤ ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ኮምፓይለሩ ግን እምቢ ይላል። “ሃቭ” እና “ዋንት” ብሎ የሚያሳያችሁ ሁለት መስመሮች የሚለያዩት በፓኬጅ ስም ብቻ ነው። አንድን ነገር ለኢንተርፌስ ስትሰጡ ጎላንግ የሚጠይቀው ሜተዶቹን ነው። የሜተዱ ሲግኔቸር (የሚቀበላቸውና የሚመልሳቸው ታይፖች) ላይ ሲደርስ ግን ታይፑ ራሱ አንድ መሆን አለበት። የኦርደር ሮውስና የስቶር ሮውስ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ታይፖች ናቸው።

ከተቻለ ሜተዶቹ ሁለቱም የሚያውቋቸውን ታይፖች ይጠቀሙ፦ ስትሪንግ፣ ኤረር፣ አይኦ ሪደር። ካልሆነ ኤሊያስ (ለአንድ ታይፕ የሚሰጥ ሌላ መጠሪያ) አለ፤ በ2017 ከጎላንግ 1.9 ጋር የመጣ ነው። በሁለቱም ፓኬጆች “ታይፕ ሮውስ” ካላችሁ በኋላ የእኩል ምልክት አስገቡና ኢንተርፌሱን ጻፉ። ያን ጊዜ ሁለቱም ስሞች የአንድ ታይፕ መጠሪያ ይሆናሉ። ሮውስ ራሱን የሚመልስ ሜተድ ካለው ግን ይህ አይሠራም።

እኔ የምመርጠው አዳፕተር ነው። ሜይን ውስጥ ስቶርን የያዘ ትንሽ ስትራክት፣ ፋይንድን ጠርቶ ውጤቱን እንደ ኦርደር ሮውስ የሚመልስ። ሁለቱም ፓኬጆች አይነኩም። “ኮመን” የሚባል የጋራ ፓኬጅ መክፈት ግን አልወድም፤ ሁሉም ነገር እዚያ ይታጎርና ሁሉም በእሱ ይታሰራል።

በመጨረሻ ሜይን ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ስሙ የታች ሰረዝ (_) ብቻ የሆነ፣ ታይፑ የኦርደር ኢንተርፌስ የሆነ ቫሪያብል፤ ኒል የሆነ የአዳፕተሩን ፖይንተር ስጡት። አንድ ሜተድ ሲቀየር ስህተቱ እዚያው ይወጣል። ይህን መስመር ስቶር ውስጥ አታስገቡት፤ ኦርደርን ኢምፖርት እንዲያደርግ ያስገድደዋል።