በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የሚመሳሰል የይለፍ ቃል ዳታቤዝ ሲጋጭ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራሞች የሆኑትን ኪፓስን ወይም ኪፓስ ኤክስሲን እየተጠቀሙ አንድን የኬዲቢኤክስ ፋይል፣ ማለትም የእያንዳንዱን አካውንት መዝገብ የያዘውን ዳታቤዝ፣ እንደ ድሮፕቦክስ ባለ ማመሳሰያ ፎልደር አማካይነት በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ለሚያሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናው የይለፍ ቃል በትክክል መጻፉን፣ ኢንተርኔት መኖሩንና የማመሳሰያው ፕሮግራም በሁለቱም ወገን እየሠራ መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ አረጋግጧል ብዬ እነሣለሁ። ከምንም ነገር በፊት ግን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያሉትን ፋይሎች ከማመሳሰያው ፎልደር ውጭ ወዳለ ቦታ ይቅዱ። ቅጂ ሳይዝ ማዋሃድ የጀመረ ሰው ከስሕተቱ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ምልክት፦ ትናንት የተቀየረው የይለፍ ቃል ዛሬ አሮጌው ሆኖ ተገኘ፤ ወይም አዲስ የገባ መዝገብ ጠፋ

ለእርዳታ ከምጠራባቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ ይኸው ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት የማመሳሰያው ፕሮግራም ፋይሉን እንዴት እንደሚያየው ማወቅ ያስፈልጋል። የኬዲቢኤክስ ፋይል የተመሰጠረ በመሆኑ ከውጭ ሲታይ አንድ የታሸገ ጥቅል ነው፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትቀየር እንኳ ጥቅሉ በሙሉ እንደገና ተመስጥሮ ይጻፋል። ማመሳሰያው ፋይሉ መቀየሩን እንጂ የትኛው መዝገብ እንደተቀየረ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ የቢሮው ኮምፒውተር ዳታቤዙን ከፍቶ ባደረበት ሌሊት የቤቱ ኮምፒውተር ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ቢገባ፣ ፋይሉ በቢሮው ዲስክ ላይ ቢታደስም በሚሞሪ ውስጥ ተከፍቶ ያለው አሁንም የትናንቱ ነው። ጠዋት ከዚያ ላይ አንድ ነገር ተቀይሮ ሲቀመጥ የሌሊቱ ሥራ ይጠፋል።

ፕሮግራሙ ግን ዝም ብሎ አያጠፋም። ኪፓስ ሊያስቀምጥ ሲል በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከተከፈተ በኋላ እንደተቀየረ ካወቀ «ሲንክሮናይዝ» ወይም «ኦቨርራይት» የሚል ምርጫ ያቀርባል። የመጀመሪያው ሁለቱን ያዋህዳል፤ ሁለተኛው በዲስኩ ላይ ያለውን ይደመስሳል። ኪፓስ ኤክስሲም ያልተቀመጠ ለውጥ እያለ ፋይሉ ከውጭ ከተቀየረ ለውጡ ይዋሃድ እንደሆነ ይጠይቃል። በተመሳሳይ ጉዳት ሦስት ጊዜ የጠራኝ አንድ ሰው ነበረ። በሦስተኛው ጊዜ ጥገናውን ትቼ ከጎኑ ተቀምጬ አሠራሩን ስመለከት፣ መልእክቱ ብቅ ከማለቱ እኔ የመጀመሪያውን ቃል እንኳ አንብቤ ሳልጨርስ «ኦቨርራይት»ን ተጭኖ አለፈ። ለምን እንደመረጠው ብጠይቀው «ሁልጊዜ የማስቀምጠው በዚህ ነው» አለኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

ማመሳሰያው ሁለቱንም ለውጦች በአንድ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ አንዱን በስሙ ይተውና ሌላውን በተለየ ስም ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ ድሮፕቦክስ በስሙ ላይ «ኮንፍሊክትድ ኮፒ»፣ ሲንክቲንግ ደግሞ «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል ምልክት ከቀን ጋር ይጨምራል። ይህ ፋይል ጠፋ የተባለው ለውጥ የሚገኝበት ነውና በምንም ምክንያት እንዳይሰረዝ። አንዲት ተጠቃሚ ፎልደሯን ስታጸዳ እነዚህን ፋይሎች እንደ ትርፍ ቆጥራ አስወገደቻቸው፤ ለካ የኢሜይሏ የመጠባበቂያ ኮዶች የተመዘገቡት ከእነርሱ በአንዱ ውስጥ ብቻ ነበር። ከአገልግሎቱ የተሰረዙ ፋይሎች ማቆያ ያወጣነው ቀኑ ገና ስላላለፈ ብቻ ነው። ድሮፕቦክስ በነጻው አገልግሎቱ የተሰረዙ ፋይሎችንና የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያቆየው ለ30 ቀናት ነው፤ በ«ኦቨርራይት» የተደመሰሰም ከዚያው ሊመለስ ስለሚችል ሳይዘገይ መፈለግ ይገባል።

መፍትሄው እንደሚከተለው ነው። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ዳታቤዙን ይዝጉና የማመሳሰያውን ፕሮግራም ያቁሙ። ከዚያም በአንደኛው ላይ ዋናውን ፋይል ብቻ ይክፈቱ። በኪፓስ ኤክስሲ «ዳታቤዝ» በሚለው ሜኑ ሥር «መርጅ ፍሮም ዳታቤዝ» የሚለውን መርጠው የግጭቱን ፋይል ያሳዩት፤ ውህደቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ስለሆነ የተከፈተው ፋይል ይቀበላል እንጂ ሌላው አይነካም። በኪፓስ ግን «ፋይል» ከሚለው «ሲንክሮናይዝ» ሥር «ሲንክሮናይዝ ዊዝ ፋይል» ሲመረጥ ሁለቱም ፋይሎች ይጻፋሉ፤ ቅጂ መያዝ ከሚያስፈልግበት ምክንያት አንዱም ይህ ነው። የግጭት ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ ያዋህዱ፤ አሸናፊውን የሚለየው መዝገቡ የተቀየረበት ሰዓት ስለሆነ በቅደም ተከተላቸው መጨነቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ውህደቱ የሚካሄደው በመዝገብ ደረጃ እንጂ በመዝገቡ ውስጥ ባሉ መስኮች ደረጃ አይደለም። የአንድን መዝገብ የይለፍ ቃል በቤት፣ ማስታወሻውን ደግሞ ዘግይተው በቢሮ ከቀየሩ፣ የኋለኛው መዝገብ በሙሉ ያሸንፋል፤ በእርሱ ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል ደግሞ አሮጌው ነው። የተሸነፈው ግን አይጠፋም፤ «ሂስትሪ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከውህደት በኋላ በሁለቱም ወገን የተነኩትን መዝገቦች ከፍተው ሂስትሪያቸውን ይመልከቱ። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ፕሮግራሙ ለአንድ መዝገብ የሚይዘው 10 የቀድሞ ቅጂዎችን ነውና ምርመራውን ለሌላ ቀን አያሳድሩ።

ዘላቂው መፍትሄ ዳታቤዙ ለጥቂት ደቂቃዎች ካልተነካ በራሱ እንዲቆለፍና እያንዳንዱ ለውጥ ወዲያው እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የተቆለፈ ዳታቤዝ ሲከፈት ከዲስኩ እንደገና ስለሚነበብ፣ በሚሞሪ ውስጥ ያደረ አሮጌ ቅጂ የሚባል ነገር አይኖርም።

ምልክት፦ ውህደቱ በትክክል ተካሂዶ አሮጌው መዝገብ አሸነፈ

የአንዱ ኮምፒውተር ሰዓት ተሳስቷል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ፣ ወይም ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው አንዱ የሃርድዌሩን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት፣ ሌላው እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲያነብ ይህ ይከሰታል። ሰዓቱን ካስተካከሉ በኋላ ትክክለኛውን መዝገብ ከሂስትሪ ይመልሱ። ነገር ግን ሰዓቱ ወደፊት ሄዶ ከነበረ መመለሱ ብቻውን አይበቃም፤ ስሕተተኛው መዝገብ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ገና ያልደረሰ ቀን ተጽፎበት ስለሚጠብቅ በሚቀጥለው ውህደት እንደገና ያሸንፋል። ስለዚህ የተስተካከለውን ፋይል ከማዋሃድ ይልቅ በሌላው ላይ እንዳለ ይተኩት። «ኦቨርራይት» ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ምልክት፦ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ሁለት ሆነ

ውህደቱ በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም መዝገቦቹ በተራ ጽሑፍ በተዘረዘሩበት ፋይል፣ በኩል ተሠርቷል። ኬዲቢኤክስ ለእያንዳንዱ መዝገብ ዩዩአይዲ የተባለ ባለ 128 ቢት መለያ ይሰጣል፤ ሁለት መዝገቦች አንድ መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ እንጂ በስማቸው አይደለም። ወደ ሲኤስቪ ሲወጣ መለያውም ሂስትሪውም ይቀራል፤ መልሶ ሲገባ ሁሉም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ድግግሞሹን በእጅ ለመልቀም አይድከሙ፤ ወደ ያዙት ቅጂ ተመልሰው በኬዲቢኤክስ ፋይሉ ያዋህዱ። ሲኤስቪው ያልተመሰጠረ፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ፋይል መሆኑን ደግሞ አይርሱ። የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ የያዘ ሲኤስቪ በማመሳሰያው ፎልደር ውስጥ ተረስቶ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከተሰረዙ ፋይሎች ማቆያም ጭምር መወገድ አለበት፤ ሌላ ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጦ ከነበረም የይለፍ ቃሎቹን መቀየር ግድ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የተሰረዘ መዝገብ ተመልሶ ከመጣ፣ ከተሰረዘ በኋላ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ተቀይሯል ማለት ነው።

አንዱ ኮምፒውተር ፋይሉን አልከፍትም ካለ፣ በ2017 በኪፓስ 2.35 የገባውን ኬዲቢኤክስ 4 የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ሊሆን ስለሚችል ያድሱት።

ከዋናው የይለፍ ቃል ጋር ወይም በእርሱ ምትክ እንደ ቁልፍ የሚያገለግለው ፋይል ተራ የጽሑፍ ፋይል ከሆነና አንድ ኤዲተር ከፍቶ ካስቀመጠው፣ በዓይን የማይታይ ለውጥ እንኳ ዳታቤዙን ይቆልፈዋል፤ ቁልፉን ከዳታቤዙ ጋር በአንድ የማመሳሰያ ፎልደር ማስቀመጥ ደግሞ በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው እንደ መተው ነው።

ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ከወጣና የተጓጓዘው በፍላሽ ከሆነ፣ ፍላሹን ይጣሉት።